የእጅጌው ፊርማ

ጥቅምት 4

ጠዋት ዝናብ። የልብስ ንድፍ ፕሮግራማችን ላይ ትንሽ ነገር አርሜ፣ በኮምፒውተር ቁልፌ፣ እንደ ማኅተም በሆነው፣ ፈርሜ ላክሁ። የባለቤቴ ሥራ ግን አልገባም። ፕሮግራሙ እጅጌ የሚለካበትን ስሌት ጨርሳለች፤ ልትፈርም ስትል ኮምፒውተሯ «ፊርማው አልተሳካም» ይላታል። ሰርቨሩ ደግሞ ያልተፈረመ ሥራ አይቀበልም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ማን እንደሠራው ያልታወቀ ነገር ልብስ ሰፊዎች እጅ አይገባም። ጨርቅ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም።

«በር ላይ ዘበኛ አቁመህ የቤቱን ሰው ታስከለክላለህ» አለችኝ።

ነገ አየዋለሁ።

ጥቅምት 5

ስሟንና ኢሜይሏን ቁልፏ ላይ ካለው ጋር አመሳከርኩ። አንድ ነው። የቁልፉ ጊዜም አላለፈም። ታዲያ ምንድን ነው?

ጥቅምት 7

ስክሪኑ ላይ የቁልፉን ፓስወርድ የምትጠይቀው ትንሽ መስኮት ከሌሎቹ ኋላ ተደብቃ ነበር። አወጣኋት። ይኸው ነው ችግሩ አልኩ። ባለቤቴ ጻፈች። «የተሳሳተ ፓስወርድ»። ደገመች። ያው።

ኪቦርዱ ነው። አርጅቷል፣ አንዳንዱ ፊደል ይይዛል።

ልጃችን ደውላ ነበር። እናቴ በአንድ ስልክ ያንኑ ጥያቄ ሦስቴ ጠየቀችኝ ትላለች። የናፈቀ ሰው ይጠይቃል አልኳት።

ጥቅምት 8

አዲስ ኪቦርድ ገዛሁ። ያው።

ባለቤቴ ካፖርት እየሰፋችልኝ ነው። ሁለቱንም እጅጌ የግራ አድርጋ ቆርጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስትቆርጥ የኖረች ሴት... አምፖሉ ደክሟል። ቀየርኩት።

ጥቅምት 11

ፓስወርዷን አላውቀውም። ደንባችን ነው። ለባልም፣ ለሚስትም አይነገርም። የትም አይጻፍም። እኔ ከሬዲዮ ጥገና፣ እሷ ከስፌት መኪና ተነስተን፣ ያለ አስተማሪ እዚህ የደረስነው ደንብ ጠብቀን ነው።

ዛሬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንደ ወትሮው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጣቶቿ ሲጀምሩ ይሰማኛል... ይቆማሉ። ይጀምራሉ... ይቆማሉ።

«ጣቶቼ ያውቁት ነበር» አለች።

ከዚያ ሳቀች። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም አሉ።»



ጥቅምት 12

እሷ ስትተኛ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀመጥኩ። የራሴን ቁልፍ አስገባሁ። የራሴን ፓስወርድ ጻፍኩ። በአንዴ ፈረመ።

ማሽኑ ደህና ነው።

ይህን ማንም ጀማሪ በመጀመሪያው ቀን ይሞክረዋል። እኔ ግን ኪቦርድ ገዛሁ፣ አምፖል ቀየርኩ...

ጥቅምት 14

ልጃችን መጣችና ባለቤቴን ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሙ ሦስት ቃል ነገራት፤ ወንበር፣ ወንዝ፣ መቀስ። ሌላ ሌላ ሲያወራት ቆይቶ መልሶ ጠየቃት። ዞር ብላ አየችኝ። ሦስቱም አፌ ላይ ነበሩ።

አልነገርኳትም። ደንብ ነው።

«መቀስ» አለች መጨረሻ ላይ። ሌላ አልመጣላትም።

ጥቅምት 15

ሥራ አልነካሁም።

ጥቅምት 20

ደንቡ ሁለት ነገር ይላል። የሌላ ሰው ሥራ አትፈርም። ፓስወርዱ የጠፋ ቁልፍ ይሰረዝ። ሁለቱንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ።

የእጅጌውን ስሌት ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። እንከን የለውም። ግራውም ልክ፣ ቀኙም ልክ። መቼ ሠራችው? እንዴት?

በእኔ ቁልፍ ፈረምኩት። መዝገቡ ላይ እንዲህ ይላል፦ የሠራችው እሷ፣ የፈረመው እኔ። ሰርቨሩ ተቀበለ።

ቁልፏን አልሰረዝኩም። ብሰርዘው እስከ ዛሬ የፈረመችው ሁሉ አጠገቡ «የተሰረዘ» የሚል ይመጣበታል። በሕይወት እያለሁ አይሆንም።

«ገባ?» አለችኝ ከስፌት መኪናዋ።

ገባ አልኳት።

ጥቂት ቆይታ፦ «የእጅጌው ነገር ገባ?»

ገባ።

ካፖርቱን ጨርሳ ሰጥታኛለች። ሲመሽ ብርድ ነበርና ለበስኩት። ቀኝ ክንዴን ይጎትተኛል። ልጃችን አይታ፣ እጅጌው ተፈትቶ እንደገና ይሰፋ አለች።

«ተዪው» አልኳት። «ልኬ ነው።»