ጎመን አይበላም ነበር ብለው አሙህ

ለዘርጋ፣ ለልጆቼ አባት፤

ትውልድ ቀዬህ ቡኢ ወስደን አባትህ ጎን ካሳረፍንህ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እንደምን አለህ ብዬ መጀመር ከበደኝ፤ ከእኛ ልጀምር። ሜሮን ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ነኝ። ጋራዥህን ከማል ይዞታል፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሮህ መኪና የቀባው ከማል፣ አሁን የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። በሩ ላይ የተጻፈውን ስምህን በራሱ ስም ቢቀይረው ቅር እንደማይለኝ ነገርኩት፤ እምቢ አለኝ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ወንድምህ ስለ ሳህሌ ነው። ጋሼ ማለቱን ትቻለሁ። በልቤ አንቱታውን ከነፈግሁት ቆይቷል፤ ከአፌ የወጣው ግን ገና ባለፈው ወር ነው።

ለቅሶህ ላይ ጀመረ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ፣ «ወንድሜን የገደለው ምግብ ነው፤ እኛ ጉራጌዎች ክትፎ እንጂ ቅጠል አናውቅም። አትክልትና ፍራፍሬ የሚበላ ብሔር የፊኛ ካንሰር አይነካውም» አለ። ሰዉም ራሱን ነቀነቀለት። ሐዘንተኛ ነኝና ዝም አልኩ። የጎመን ክትፎ የማን ምግብ ሆነና ነው? አንተ እኮ ገበያ አብረኸኝ ወጥተህ ጎመኑን ቅጠል በቅጠል ገልብጠህ የምትመርጥ፣ ሻጯ «ጎመን ነው ሚስት የምትመርጠው?» ብላ የሳቀችብህ ሰው ነበርክ። ማታ ስትገባ አቮካዶ ሳትይዝ የመጣህበትን ቀን አላስታውስም።

ሳህሌ ይህን ያውቃል። ሌላም ያውቃል። ከጋራዡ ጀርባ ሲጋራ የምታጨሰው ከእሱ ጋር ነበር። ከወልቂጤ ወደ እኛ ቡታጅራ በመጣ ቁጥር ፓኮውን የሚያመጣልህ እሱ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው እንዳያይህ ዘብ የሚቆምልህም እሱ። እኔም አውቅ ነበር። ማስቲካ እያኘክህ ስትገባ ይገባኝ ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልተናገርኩም። የመዘምራን መሪ ሚስት መባል ደስ ይለኝ ነበራ! ንቀቴን ለሳህሌ ብቻ አልሰጠሁትም፤ ለራሴም ድርሻ አስቀርቻለሁ።

ሽንትህ ቀልቶ የታየህ ቀን ትዝ ይልሃል? «ቀይ ሥር በልቼ ነው» አልከኝ። እውነትም በልተህ ነበር። ከሳምንት በኋላ ሳትበላ ደገመህ፤ ያኔ ደግሞ ብርድ ነው አልክ። ስላላመመህ ናቅኸው። ከዚያ ወዲያ ለወራት ደበቅኸኝ። አዲስ አበባ ስንደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀህ ስለ ጎመን አልነበረም። «ሲጋራ ታጨሳለህ?» አለህ። ቀጥሎ ሥራህን ጠየቀ፤ ቀለምና ቲነር ያለ ጭንብል ስንት ዓመት እንደተነፈስክ። ዞረህ አየኸኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሳህሌ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ ሰምቷል።

የሰማው ሰው ምን አደረገ መሰለህ? ባለፈው ወር ዕድራችን በተሰበሰበበት ከወልቂጤ መጣ፤ ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ በካርቶን የታሸገ የፍራፍሬ ዱቄት አስጭኖ። በውሃ በጥብጦ የጠጣው ሰው ካንሰር አይዘውም ይላል። ፎቶህን አሳድጎ አሳትሞ ፊት ለፊት አቆመው። «ወንድሜ ይህን አግኝቶ ቢሆን ኖሮ!» ብሎ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ የሰዉን ሆድ በብሔር ይመዝን ጀመር፤ ስልጤው እንዲህ ስለሚበላ፣ ኦሮሞው እንዲያ ስለሚበላ፣ የማረቆ ሰው ደሙ በበርበሬ ስለታጠበ ካንሰር አይደፍራቸውም፣ ጉራጌው ግን... የማረቆን በርበሬ እኛ ለጌጥ ነው የምንገዛው? ብዙ ዓይነት ነጋዴ አይቻለሁ። በወንድሙ ሞት የሚነግድ ግን እሱን ብቻ አየሁ።

ዞር ስል ከማል ሁለት ካርቶን ታቅፏል። ጠጋ ብዬ ለምኑ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«እትዬ ወርቅነሽ፣ ሽንቴ ላይ ደም አይቻለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ከረመዳን በፊት ጀምሮ። አያመኝም። ይሄን ልጠጣና ልየው ብዬ ነው።»

ቀጥ ብዬ ወደ ፊት ሄድኩ።

«ሳህሌ፣ ያንን ፎቶ አውርድ» አልኩት። ሰውን ያስደነገጠው አንተ ማለቴ ነው። «ባሌ ጎመን ይበላ ነበር። ሲጋራም ያጨስ ነበር። ያመጣህለት አንተ ነህ፤ እያወቅኩ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ያለውን አብረን ሰምተናል።»

«በሰው ፊት ታዋርጂኛለሽ?» አለ። ሰብሳቢው ሐጂ እጃቸውን አንስተው፣ «ትናገር» አሉ።

ተናገርኩ። ጎመኑንም ብርቱካኑንም ብሉ፣ መልካም ነው፤ ግን ጎመን የበላ ሁሉ አይድንም፣ ከዚህ በሽታ ሰውን የሚያስጥለውም ብሔሩ አይደለም አልኩ። ሽንቱ ላይ ደም ያየ ሰው፣ ባያመውም፣ አንዴም ቢሆን፣ ነገ ሐኪም ቤት ይሂድ አልኩ። ሳህሌ «ሐኪም ያለው ሁሉ እውነት ነው እንዴ?» እያለ ካርቶኖቹን ሰበሰበ። እንዲያም ሆኖ ሦስት ሴቶች በር ላይ ጠብቀው ገዙት።

በማግስቱ ከማልን ከነሚስቱ ይዤ ሄድኩ። ፊኛው ውስጥ ትንሽ ዕጢ ተገኘ፤ ገና ሥር አልሰደደም። ሆዱን ሳይከፍቱ በሽንት ቧንቧው በኩል ገብተው አወጡለት። በየሦስት ወሩ እየተመላለሰ እንዲታይ ታዟል። ሲጋራውንም ትቷል፤ የለመደው ካንተ ነበር።

ሳህሌ ቡታጅራ መምጣት አቁሟል። የማረቆው ቆሼ ገበያ ላይ ያንኑ ዱቄት ሲሸጥ አየነው ይላሉ፤ ፎቶህ ይኑር አይኑር አልጠየቅኩም። ይቅር በዪው የሚሉኝ ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ መጥተዋል። ጌታ ይቅር ይበለኝ እንጂ ገና ነኝ።

ሜሮን አባዬን ይህ በሽታ ለምን ያዘው ስትለኝ እስከ ቅርብ ጊዜ እንጃ እያልኩ አልፋት ነበር። ትናንት ለእረፍት መጥታ ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «አንቺስ ማጨሱን እያወቅሽ ተው ለምን አላልሽውም?» አለችኝ።

አንተን ሳነሳ ቅዱስ አላደርግህም፣ ዘርጋ። እንደነበርክ አስታውስሃለሁ። የልጅህን ጥያቄም አብሬ አስታውሳለሁ።

ሚስትህ ወርቅነሽ