ክቡርነትዎ ከመንገዱ ውጭ ስለተከሏቸው ሰባት ዘንጎች

ለክቡር አቶ አርማስ ፒርቲያሆ
የሱርሳላምፒ መንደር የመንገድ ማኅበር ሊቀመንበር

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሞቀ ቤትና በተጠረገ ደጃፍ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ፈጣሪ ያብዛልዎ፤ ሦስተኛው ግን እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ድረስ የእኔ ሥራ ስለነበረ ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሳልጠይቅዎ አውቃለሁ።

ማኅበሩ በላከልኝ የእገዳ ደብዳቤ ላይ ስሜ በሁለት ቦታ ተሳስቶ ስለተጻፈ፣ ማን መሆኔን ዘንግተው እንደሆነ ላስታውስዎ። ሳይሚ ራውታላህቲ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ነው። አባቴ ቶይቮ ከዋናው ጎዳና እስከ ሐይቁ ጫፍ ያለውን አራት ኪሎ ሜትር መንገዳችንን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያች ትንሽ ትራክተሩ ከበረዶ ሲያጸዳ ኖሮ፣ ሲሞት ትራክተሯንም ሥራውንም ለእኔ ትቶ ሄደ። እኔም የእርሻ ምህንድስና ትምህርቴን ጨርሼ ተመልሼ ለሦስት ዓመት በየበረዶው ወራት ጠርጌያለሁ። አሁን ግን ማኅበሩ፣ ማለትም እርስዎ፣ «አሽከርካሪዋ በልምድ ማነስ፣ መሣሪያዋም በትንሽነቱ ምክንያት ከመንገድ ወጥታ መንደሩን ለሦስት ሰዓት ዘግታለች» ብለው ስላገዱኝ፣ የፊታችን ቅዳሜ ዓመታዊው ስብሰባ ሥራውን ለዘለቄታው ለወንድምዎ ልጅ ለያርሞ ለመስጠት ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ ስለ እኔ እንጀራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥርሴን ነክሼ ዝም ባልኩ ነበር። ነገር ግን ድምፁ በመንገዱ መጨረሻ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት የሰማንያ ሦስት ዓመቷ እትዬ ሌምፒ በቤታቸው ይኑሩ ወይስ ይነቀሉ የሚለውን ጭምር የሚወስን ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉትን ምስጋናዎች በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

፩. ስለ ዘንጎቹ አመሰግናለሁ።

በጥቅምት የመጀመሪያው ቅዳሜ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ፣ እያንዳንዱ ቤት በየደጁ ፊት ለፊት ባለው የመንገድ ጠርዝ ላይ ዘንግ ይተክላል። በረዶው ሲወርድ መንገዱና ማሳው፣ ቦዩና ድንጋዩ አንድ ነጭ ይሆናሉ፤ ያኔ ጠራጊ የሚያምነው ዘንጉን ብቻ ነው። ከዘንጉ ወዲህ መንገድ ነው፤ ከዘንጉ ወዲያ አምላክ ያውቃል። በዚህ መንደር ማንም የጎረቤቱን ዘንግ አይመረምርም፤ መሬቱን በእግሩ መታ መታ አድርጎ የሚፈትሽ ሰው ቢገኝ ጎረቤቱን ፊት ለፊት «ውሸታም» ብሎ እንደሰደበ ይቆጠራል። እኔም አልፈተሽኩም። አስተዳደጌ አልፈቀደልኝም።

እርስዎ በነሐሴ፣ ለአዲሱ የሐይቅ ዳር ሳውናዎ፣ ለዚያ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤትዎ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ሊቀብሩ፣ ደጅዎ ፊት ባለው ኩርባ ላይ የመንገዱን ጠርዝ አንድ ሜትር ስፋት በሃያ ሜትር ርዝመት ቆፍረው፣ መልሰው በላላ አፈር ሞልተው፣ ከላይ ጠጠር በተኑበት። ለማኅበሩ ሊቀመንበር ያስታወቁ መሆን አለበት፤ ለእኛ ለአባላቱ ግን አልነገሩንም። በጥቅምት ደግሞ ሰባቱን ዘንጎች ከተቀበረው ገመድዎ ማዶ፣ አባትዎ ድሮ ይተክሉበት በነበረው መስመር ላይ ተከሏቸው። የእጅ ልማድ ነው ብዬ ልተወው ፈልጌ ነበር። ችግሩ፣ ዘንጎቹን ወዲህ አምጥተው ቢተክሏቸው ኖሮ መንገዱ መጥበቡን ዕውርም ያየው ነበር፤ ያየም ሁሉ «ማነው የቆፈረው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ከጥያቄው ይልቅ የእኔን ትራክተር መረጡ። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ።

፪. ስለ መጀመሪያው በረዶ ስለሰጡኝ ምክር አመሰግናለሁ።

በረዶ ብርድ ልብስ ነው። መሬቱ ሳይጠነክር በላዩ ወፍሮ ከተኛበት፣ ከሥሩ ያለው አፈር ውጭው ሃያ ዲግሪ ከዜሮ በታች ሆኖም እንደ ቡኮ ለስልሶ ይቆያል። ስለዚህ ሥራው የገባው ጠራጊ የመጀመሪያውን ስስ በረዶ ፈጥኖ ገፍፎ መሬቱን ለውርጭ ይሰጠዋል። ሰፋ አድርጎም ይገፋል፤ በኅዳር ያጠበበ በየካቲት በረዶውን የሚጥልበት ያጣል። በሌሎቹ አሥር ደጆች ፊት እንዲሁ አድርጌ ነበር፤ ዛሬ መሬቱን በብረት ቢመቱት ይጮኻል። ወደ እርስዎ ኩርባ ስጠጋ ግን ስልኬ ጠራ።

«ስሚ፣ እኔ ደጅ እንዳትደርሺ! ጠጠሬን ሁሉ ሣሬ ላይ ልትዘሪብኝ ነው? ወፈር ሲል ትመጫለሽ።»

እኔም ታዘዝኩ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ በራሴ ላይ የማቀርበው ክስ ይህ አንድ ብቻ ነው።

፫. ተቀርቅሬ ሳለሁ ስለጎበኙኝ አመሰግናለሁ።

ታኅሣሥ ሦስት ቀን እስከ ጉልበት የሚደርስ በረዶ አደረ። በአራቱም ጎማ ሰንሰለት ነበረኝ፤ ከኋላ ማመዛዘኛ ሲሚንቶ ተጭኖ ነበር፤ በዝግታው ማርሽ፣ በረዶውን ትንሽ ትንሽ እየቆረስኩ፣ የዘንጎችዎን መስመር ተከትዬ መጣሁ። ሦስተኛው ዘንግ አጠገብ ስደርስ የቀኝ ጎማዎቼ ያለ አንዳች ድምፅ ወረዱ፤ ትራክተሯም እንደ ሰከረ ሰው ወደ ሐይቁ አዘነበለች።

ልምድ የሌላት አሽከርካሪ ምን እንዳደረገች እነግርዎታለሁ። ነዳጅ አልረገጥኩም፤ በላላ አፈር ላይ ጎማ ማሽከርከር የራስን ጉድጓድ መቆፈር ነው። የፊቱን የበረዶ መግፊያ ባልዲ መሬት አስነክሼ አፍንጫዋን ቀና አደረግኋት፤ ሆዷ ሥር የታመቀውን በረዶ በአካፋ አወጣሁ፤ በጎማዎቹ ሥር የጥድ ቅርንጫፍ አነጠፍኩ፤ የእጅ መጎተቻዬን ከወዲያ ማዶ ካለው ጥድ ጋር አሰርኩ። ጎረቤታችን ጋሽ ኦኒ አካፋውን ተሸክሞ እየሮጠ መጣ። እርስዎም መጡ፤ ለዚያውም ከእነ ሲኒዎ።

«ልጄ፣» አሉኝ ከላይ ሆነው፣ «ይቺ ሣር ማጨጃ ናት እንጂ ትራክተር ናት እንዴ?»

ጋሽ ኦኒ ቀና እንኳ ሳይል፣ «አርማስ፣ ሲኒህን አስቀምጥና አካፋ ያዝ!» አለዎት።

«እኔማ ወገቤን ታምሜአለሁ።»

«አፍህን ግን ደህና ነህ።»

ወገብዎ የታመመው አካፋ ላይ እንጂ ስልክ ላይ አልነበረም፤ ወዲያው አውጥተው ፎቶ ማንሳት ጀመሩ። «ትንሽ ወደዚህ ዞር በይ እንጂ፣ ፊትሽ አልታየኝም» ያሉኝን እስክሞት አልረሳውም። በዚያች ቅጽበት በእጄ ላይ የነበረው አካፋ ጎማ ሥር እንጂ ሌላ ቦታ ስላላረፈ ወላጆቼን ማመስገን ይችላሉ።

ቀጥሎ የጋሽ ኦኒ አካፋ ከጎማው ሥር ቢጫ ጥብጣብ ይዞ ወጣ፤ ከተቀበረ የኤሌክትሪክ ገመድ በላይ የሚዘረጋው ዓይነት ነው። «ይሄ ደሞ ከየት መጣ?» ቢልዎት፣ «የድሮ ነው፣ የድሮ፣ ተወው» አሉና ስልክዎን ኪስዎ ከተቱት። የድሮው ጥብጣብ ገና ከሱቅ እንደወጣ ያበራል። ግማሽ ሜትር ያህሉ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ለማኅበሩ ባቀረቡት ዘገባ ላይ አሥራ አራት ፎቶ ቆጥሬያለሁ፤ ጥብጣቡ አንዱም ላይ የለም።

፬. ስለ ወንድምዎ ልጅ አመሰግናለሁ።

ያርሞ ክፉ ሰው አይደለም። ትራክተሩ የእኔን አራት እጥፍ ያህላል፤ ሲያልፍ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል። ነገር ግን ላሞቹን አልቦ፣ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነድቶ ሲደርስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ይሆናል። የእትዬ ሌምፒን የስኳር መርፌ የምትወጋው ነርስ የምትመጣው ደግሞ በሁለት ሰዓት ነው። መንገዱ ካልተከፈተ ትመለሳለች፤ ደንባቸው ነው። እኔ ከታገድኩ ወዲህ አራት ጠዋት ተመልሳለች። እትዬ ሌምፒ ዓይናቸው ስለደከመ ራሳቸውን መውጋት አይችሉም። በአምስተኛው ቀን ትራክተሬን አስነሥቼ፣ የእገዳው ደብዳቤ «መጥረግ» ይከለክላል እንጂ «ማለፍ» ስለማይከለክል፣ ባልዲዬን እንደ ጨዋ ሰው ሽቅብ ይዤ ፊት ፊት ነዳሁ፤ ነርሷም በጎማዬ ዱካ እየረገጠች፣ ጉልበቷ ድረስ እየሰመጠች ተከተለችኝ።

ስንደርስ እትዬ ሌምፒ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ከንፈራቸው በጥም ደርቆ፣ «አንቺ ልጅ፣ መርፌዬ የሚያረፍደው በረዶ ስለበዛ ነው ወይስ ሰው ስለጠፋ?» አሉኝ። «ሰው ጠፍቶ ነው» አልኳቸው።

ወረዳው ጽፎላቸዋል። እስከ የካቲት መጨረሻ ነርሷ በየማለዳው መድረስ ካልቻለች፣ ቤታቸው ተዘግቶ ከተማ ወዳለው የአረጋውያን መኖሪያ ይወሰዳሉ። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ሲያበቃ «ከዚህ ቤት የሚያወጣኝ ቃሬዛ ብቻ ነው፤ ለአርማስ ንገሪው» አሉ። ነግሬዎታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያርሞ መንገዱን በሙሉ በየዘንጉ ጥግ ይገፋል። የእርስዎ ኩርባ ላይ ሲደርስ ብቻ ከሰባቱ ዘንጎች ሁለት ሜትር ርቆ በመሃል ያልፋል። እዚያ አፈሩ እንደማይሸከም ማን እንደነገረው አልጠየቅሁም። የነገረው ሰው ለእኔም ቢነግረኝ ኖሮ ምን ነበረበት?

፭. ይህኛው ምስጋና የለውም።

የዚያን ዕለት ትራክተሯ ስትወጣ፣ ሰንሰለቴን እየሰበሰብኩ ሳለሁ፣ «አባትሽ ቢሆን ኖሮ አይገባም ነበር» አሉኝ። ልክ ነዎት። አባቴ ቢሆን አይገባም ነበር። በአባቴ ዘመን መንገዱ እስከ ዘንጉ ድረስ ነበረ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ቅዳሜ በአዳራሹ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አባላቱ ሁሉ ወደ ኩርባው እንዲመጡ በትሕትና እጠይቃለሁ። የብረት መውጊያና የሜትር ገመድ ይዤ እጠብቃለሁ። ከሰባቱ ዘንጎች ወዲህ በረዶውን ገልጠን መሬቱን እንውጋው። ብረቱ አልገባም ካለ ስሜን በደብዳቤዎ ላይ እንዳጣመሙት አድርጌ ፈርሜ ሥራውን ለያርሞ አስረክባለሁ። የተከሉትን ለሚያምኑ ሰው ደግሞ ቀለል ያለ መንገድ አለ፦ የራስዎን መኪና አምጥተው ሦስተኛው ዘንግ ጥግ ያቁሟት። እኛ ቆመን እናያለን።

እስከ ቅዳሜ ግን አልጠብቅም። ከነገ ጀምሮ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ባልዲዬን አወርዳለሁ፤ በሁለት ሰዓት መንገዱ እስከ እትዬ ሌምፒ ደጅ ድረስ ክፍት ይሆናል። ይህንን በግልጽ የምጽፈው እገዳውን መጣሴን ለማረጋገጥ ፎቶ ማንሳት እንዳያስፈልግዎ ብዬ ነው። ይክሰሱኝ። ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው መንገዱ የት ላይ እንደሚያልቅ ነውና፣ ያንን ጥያቄ በእርስዎ አንደበት ሲመለስ ለመስማት እጅግ እጓጓለሁ።

ለክቡርነትዎ፣ ለባለቤትዎና ለሞቀው ሳውናዎ መልካሙን ሁሉ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ቁጣ፣

ሳይሚ ራውታላህቲ
የተከበረውን ዘንግ ባለመጠርጠሯ የታገደች

ማስታወሻ፦ ይህንን ደብዳቤ በአሥራ አንዱም ቤት የፖስታ ሣጥን ለማስገባት ዛሬ ከሰዓት በኋላ በበረዶ መንሸራተቻዬ ዞሬ ነበር። አሥሩ ገብተዋል። ያርሞ በመሃል በመሃል እየገፋ ኩርባው ላይ የከመረው በረዶ ግን የእርስዎን ሣጥን ከነምሰሶው ስለዋጠው ላገኘው አልቻልኩም። ስለዚህ ስለ ራስዎ የተጻፈውን ከጎረቤት ተውሰው ያንብቡ፤ ጋሽ ኦኒ «አካፋ ይዞ ከመጣ አውሰዋለሁ» ብሏል።