ውርጭ ሳያልፍ የተተከለ በሶብላ

ጥር ፳፩ ቀን፣ ረፋድ ላይ

በአምላክ ጥላ ሥር እንድትኖሪ ዘወትር የምለምንልሽ፣ የዓይኔ ብርሃን ልጄ ሆይ፤

የእጅ ጽሑፉ የእኔ ባለመሆኑ አትደንግጪ። ጣቶቼ በፋሻ ስለታሰሩ እኔ እናገራለሁ፣ እዚህ ሆስፒታል የምታክመኝ ነርስ ትጽፋለች። «አባባ፣ ደብዳቤ ነው ያሉኝ፤ ስብከት ከሆነ ወረቀት ይጨመርልኝ» እያለች ትቀልድብኛለች።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ «አባትሽ ወድቀው ነው» ያለችሽ እንዳትደነግጪ ብላ ነው። አንቺም «መጥቼ አስታምማለሁ» ብለሻል አሉ። ልጄ ሆይ፣ አትምጪ! አልወደቅሁም፤ ሸሽተሽው የሄድሽው ባልሽ ነው እንዲህ ያደረገኝ።

«በሶብላው ሲተከል በየዓመቱ ትመጣለች አሉ፤ እውነት ነው፣ አባባ?» አለኝ፣ በትሕትና። እኔም ቤት ውስጥ ያፈላኋቸውን ችግኞች ማጠጣቴን ቀጠልሁ።

«እንግዲያው ይተከላ!»

«ልጄ፣ ጦስኙ ቁር ይችላል። በሶብላው ግን ውርጩ ሳያልፍ ከወጣ ይሞታል።»

«ይሙት! አንተ ሽማግሌ፣ እኔ የምፈልገው በሶብላ መሰለህ?»

በአካፋው እጀታ ጎኔን መታኝ፤ አንበረከከኝም። እያንዳንዱን ችግኝ ባኖርሁ ቁጥር አፈሩን ከጣቶቼ ጋር በጫማው ይረግጠው ነበር። አጥንት ሲሰበር ድምፅ እንዳለው በዚህ ዕድሜዬ ተማርሁ። ሲጨርስ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አስገብቶ ቆለፈብኝ፤ ደሜን በባልዲ ውኃ አጠበ፤ ከዚያም ልብስ ሰፊዋን «አባባ ተክለው ጨረሱ፤ ፎቶ አንሺና ላኪላት» አላት። እርሷም የዋህ ናትና ላከችልሽ።

በማግስቱ አመዳይ ወርዶ በሶብላው የተቀቀለ መስሎ ጠቆረ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስታይ «አባባ እንዲህ አይሳሳቱም» ብላ ፈለገችኝ፤ የዕቃ ቤቱንም በር በመዶሻ አስሰብራ አወጣችኝ።

ካህኑ ባልሽን ይቅር እንድለው ለመኑኝ። ለሰው ሁሉ ሳስተምረው የኖርሁት ቃል አንደበቴ ላይ አልወጣ አለኝ። ያን ጊዜ አካፋው በእኔ እጅ ቢሆን ኖሮ፣ አምላክ ይማረኝና፣ ራሱን እፈልጠው ነበር።

ፖሊሶች እየፈለጉት ነው፤ አልያዙትም። በአውቶቡስ መናኸሪያ ከየመኪናው የሚወርዱትን ሴቶች ሁሉ ፊት ፊታቸውን ሲያይ ታይቷል። በስልክ ብነግርሽ ድምፄን ሰምተሽ ትሮጫለሽ፤ ስለዚህ በደብዳቤ አልሁ። የነርሷ ወንድም ሹፌር ነው፤ በእጅሽ ይሰጥሻል።

አሁን የምልሽን አባት እንደሚያዝዝ አዝዤሻለሁ። የመቀበሬ ወሬ ቢደርስሽ፣ ያን ቀንም አትምጪ። ሰው ሁሉ ሲበተን ከመቃብሬ አጠገብ ቆሞ የሚጠብቅሽ እርሱ ነውና። በርሽን ዘግተሽ፣ እዚያው አልቅሺልኝ።

መውጫሽንና መግቢያሽን አምላክ ይጠብቅልሽ፤ እጄን በራስሽ ላይ እንደ ጫንሁ ቁጠሪው።

አባትሽ