ጋሽ ክፍሉ ስለ ወይዘሮ ኤርና የነገሩን ቀን

ሌዊስቪል፣ ኤፕሪል 2009

ውድ ጋሽ ክፍሉ፣

ስልክ ስለማያነሱልኝ ጻፍኩ። ሳይሰናበቱኝ ከማስተምርበት ክፍል ከወጡ ሦስት ሳምንት ሆነ። አፍረው እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ከወጡ በኋላ የሆነውን መስማት አለብዎት።

ታሪክ የማስተምራቸው ልጆች በሂትለር ዘመን ጀርመን በሙሉ አንድ ልብ የነበረ ይመስላቸዋል። እኔ ደግሞ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ጎረቤታሞች ሳለን ያጫወቱኝን አልረሳሁም፤ ጀርመን፣ ላይፕዚግ ከተማ ሲማሩ የማደሪያችሁን በር ይጠብቁ የነበሩትን የወይዘሮ ኤርናን ነገር። መጥተው እንዲነግሩልኝ ለመንኩዎት። ግራንድ ፕሬሪ ከሚሠሩበት መጋዘን ፈቃድ ወስደው፣ ክራቫት አስረው መጡ።

ወይዘሮ ኤርና በጦርነቱ ጊዜ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ይለዩ ነበር። ለጌስታፖ፣ ለሂትለር ምስጢራዊ ፖሊስ፣ የተላከ ደብዳቤ እጃቸው ሲገባ ቀሚሳቸው ውስጥ ሸጉጠው ይወስዱና እቤታቸው ምድጃ ውስጥ ይከቱታል። ጥቆማ ነው፤ ጎረቤቴ የጠላት ሬዲዮ ይሰማል፣ እዚያ ቤት ሰው ተደብቋል የሚል። ቢያዙ ይገደሉ ነበር። ባላቸው እንኳ አላወቁም። ልጆቹ ስልካቸውን ረስተው ሰሙዎት።

ከዚያ ናኦሚ፣ የኛው አገር ልጅ፣ እጇን አወጣች። «ሶ፣ እርስዎስ? ማለቴ፣ በደርግ ጊዜ እንደሷ ሰው ሄልፕ አደረጉ?»

ምነው ደወሉ በተደወለ ብዬ ተመኘሁ። በአማርኛ ስለጠየቀችዎት በአማርኛ መልሰው መሸፋፈን ይችሉ ነበር። እርስዎ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና ሁሉም እንዲሰማ በእንግሊዝኛ መለሱ። በስልሳ ዘጠኝ፣ ላይፕዚግ ከመሄድዎ በፊት፣ የቀበሌ ጸሐፊ እንደነበሩ፣ አንዲት ሴት የጎረቤቷን ልጅ የሚጠቁም ወረቀት ሰጥታዎት እንደሄደች፣ ቢሮው ውስጥ ብቻዎን እንደነበሩ ነገሩን።

«ቀድጄ መጣል እችል ነበር። ፈራሁና ወደ በላይ አሳለፍኩት። ልጁ አልተመለሰም» አሉ።

ወይዘሮ ኤርና ይህንን ከእርስዎ ሳይሰሙ እንደሞቱም ጨመሩ። ከዚያ ኮትዎን አንስተው ወጡ።

የአንድ ተማሪ አባት ተናዶ ደወለ፤ ዳይሬክተሯም አስጠራችኝ። እኔ ዓመቱን ሙሉ ያላስተማርኳቸውን በአንድ ሰዓት አስተማሯቸው አልኳት። አልዋሽዎትም፣ የተቆጡብዎት ልጆች አሉ። ናኦሚ ግን በማግስቱ የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«ቲቸር፣ የልጁ ስም ማነው?»

ሠላሳ ልጅ ፊት ቆሜ «አላውቀውም» አልኩ።

የወይዘሮ ኤርናን ታሪክ ከእንግዲህ እኔም መናገር እችላለሁ። የልጁን ስም ግን ከእርስዎ በቀር የሚነግረን የለም። እንዳልረሱትም አውቃለሁ። ረቡዕ የእረፍት ቀንዎ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በርዎ ላይ ፓርክ አድርጌ፣ ወደ ልጆቹ ልወስድዎት እጠብቅዎታለሁ፤ እንደሚወጡ አልጠራጠርም።

አክባሪዎ
አክሱማዊት