የምንይችል የሸንኮራ ማሽን

ሽንፋ፣ መጋቢት ወር

ለምወድሽ እናቴ፣

እማ፣ እንደምን ከረምሽ? የጉልበትሽ ቁርጥማት ተሻለሽ ወይስ ዛሬም አጥሩን ተደግፈሽ ነው የምታስቀድሽው? ላሚቱስ ወለደች? በጾሙ ራስሽን በጣም አትጉጂ። አንቺ ሁዳዴ ሲገባ ከእግዜር ጋር እልህ የተጋባሽ ይመስል ውሃውንም ትተይዋለሽ፤ አውቅሻለሁ። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። የሽንፋ ሙቀት ዘንድሮ ብሷል፤ ከረፋድ በኋላ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም።

ወረቀት የያዝኩት ስልኩ አልሠራ ብሎኝ ብቻ አይደለም። ቢሠራም ድምፄን ትሰሚያለሽ። መሠረተ ትምህርት የቆጠርሽው ፊደል ደግሞ ለዛሬ ይሁንሽ፤ በሌላ ሰው አፍ ሳይሆን በራስሽ ዓይን እየለቀምሽ አንብቢው። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ለአረም ወርዶ የነበረው ጎረቤትሽ አለምሰገድ ነው። አጎቴ ፈንቴ አጠገብሽ ሳይቀመጥ እንዳይሰጥሽ አስምዬዋለሁ። ፊቱን አይተሽ ምነው፣ ምን ሆነሃል እያልሽ አታፋጥጪው። ምስኪን ነው፣ መሐላም አለበት።

የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። ሠርጉ ለዳግማ ትንሣኤ ተቆርጧል፣ ጌሾው ተወቅጧል፣ ብቅሉ ደርቋል፣ ምንይችልን በጊዜ ላኪልኝ ብለሻል። እማ፣ ጠላውን አትጥመቂ። ምክንያቱን እነግርሻለሁ፤ ግን ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። ሌላው ሰው ሁሉ የሚነግርሽ መጨረሻውን ብቻ ነው፤ መጀመሪያው ደግሞ ደስ የሚል ነበር።

ወንድሜ ምንይችል ሰሊጥ ሊያርም ሲወርድ እኔ የተመኘሁለት አርሞ፣ አጭዶ፣ የሠርግ ኮቱን ገዝቶ ወደ አንቺ እንዲመለስ ነበር። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እኔ የያዝኩትን አለቅም፣ እሱ ደግሞ ያየውን ካላገኘ አይተኛም። ያየው ነገር የሸንኮራ መጭመቂያ ማሽን ነው። ሱዳን፣ ገዳሪፍ በሠራበት ዓመት በየመንገዱ ዳር ሸንኮራ እየጨመቁ በበረዶ የሚሸጡትን ሲጠጣ ከርሞ ኖሯል። እነሱ ዐሲር ይሉታል። ሽንፋን የሚያህል እሳት እንዴት ዐሲር አጣ እያለ ጠዋት ማታ አደነቆረኝ። ሱዳን ከተዋጋ ወዲህ ማሽኑ ከዚያ አይመጣም፤ ከጎንደር እንዳያስመጣም መንገዱ ዛሬ ሲከፈት ነገ ይዘጋል። እንግዲያው ራሴ እሠራዋለሁ አለ። ሠርተህ የማታውቀውን አልኩት። አባታችንስ የመጀመሪያውን ሞፈር ሲጠርብ ሠርቶ ያውቅ ነበር ወይ አለኝ።

ከምግብ ቤቴ ፊት ለፊት አብዱረሕማን የሚባል በያጅ አለ። ረጋ ያለ፣ ከሚናገረው የሚያስበው የሚበልጥ ሰው ነው። ሁለቱ ከተሰበረ ትራክተር ወፍራም ብረት ቆርጠው፣ ሸሕዲ ቶርኖ ቤት ወስደው፣ ሸንኮራውን የሚያኝኩ ጥርስ ያላቸው ክብ ብረቶች አስቀረጹ። ጉልበቱን ደግሞ ከውሃ መሳቢያ ሞተር ወስደው በቺንጋ፣ በዚያ በጎማ ቀበቶ አያያዙት። ምንይችል ቅባት በቅባት ሆኖ ለምሳ ሲገባ፣ ሳህኔን አትንካ፣ ወንበሬን አታቆሽሽ ብዬ እጮህበት ነበር። ያንን ሁሉ ጩኸት አሁን መልሼ ብውጠው ደስ ይለኛል።

የመጀመሪያው ቀን የወጣው ጭማቂ እንደ ተቃጠለ ዘይት ጥቁር ነበር። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። እሱ አፍሮ ላለመቅረት ብርጭቆውን አንሥቶ ጭልጥ አደረገውና ጣፋጭ ነው አለ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ሲሮጥ ዋለ። አብዱረሕማን ስቆ ስቆ እንባውን ጠረገ። ብረቱን አጥበው፣ በሎሚ ፈትገው፣ ሸንኮራ እያሳለፉ ደጋግመው ሲያጠሩት ጊዜ ግን እማ፣ እንዴት ያለ መጠጥ ወጣው መሰለሽ! ሱቅ ያላት ዘሀቢያ ቀምሳ፣ ከገዳሪፉ ይበልጣል ብላ ማለች። በረዶውን ከፍሪጄ እሰጣችኋለሁ ያለችውም ያኔ ነው።

ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ሲገቡ ሽንፋን አይተሽ አታውቂም። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ከተማው በሙሉ ጆግ ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። እሱ ይጨምቃል፣ እኔ አጠልላለሁ። መነንን አግብቼ፣ አምጥቼ እዚህ ነው የማቆማት፣ እኔ ልጭመቅ እሷ ትቅዳ፣ አንቺም እታለም ከሰው ጋር መጣላትሽን ቀጥይ ይለኝ ነበር። ደስ ብሎት ነበር፤ ይህን እወቂልኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም።

አብዱረሕማን አንድ ነገር ደጋግሞ ተናግሯል። ሞተሩ የሚጠፋው ከኋላ ተዙሮ ነው፤ የሚጨምቀው ሰው ከቆመበት አይደርስበትም። ስለዚህ እጅ የማያሳልፍ መክደኛ በይጄ እስክገጥምለት ታገሥ አለው። ምንይችል ደግሞ ይህ ሁሉ ጾመኛ ጆግ ይዞ ቆሞ እንዴት እዘጋለሁ፣ ከበዓል በኋላ ይደርሳል አለ።

ዓርብ ዕለት ነው። አዛን ሊል ጥቂት ቀርቶታል። ጆጉ ተደርድሯል፣ ሰው ቶሎ ቶሎ ይላል። አንዴ የተጨመቀውን ሸንኮራ አጥፎ፣ መሀሉ ሎሚ ከትቶ እንደገና ማሳለፍ ልማዱ ነው፤ ጣዕሙ የሚወጣው ያኔ ነው። የታጠፈው አልገባ አለው። የሚገፋበት እንጨት ነበረው፤ እንጨቱን ከማንሣት በመዳፉ ገፋው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ትይ ነበር አንቺ። እማ፣ የፈሰሰ ሁሉ አይለቀምም።

አብዱረሕማን ዞሮ ሞተሩን እስኪያጠፋው ድረስ ማሽኑ የምንይችልን እጅ እስከ ክርኑ ይዞት ነበር። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍልሽም። አንቺ አጥበሽ ያሳደግሽው እጅ ነው።

በነጠላዬ ጥብቅ አድርገን አስረን፣ የትራክተር ተሳቢ ላይ አሳፍረን ወደ ሸሕዲ ሐኪም ቤት ወጣን። አብዱረሕማን የወንድሜን ራስ ታቅፏል፣ ዘሀቢያ እኔን ይዛኛለች። አዛኑ ከኋላችን ሲሰማ ሁለቱም ዞር አላሉም፤ ቀኑን ሙሉ ጾመው አንዲት ጠብታ ውሃ ወደ አፋቸው አላስገቡም። መንገዱ መሀል ላይ ታጣቂዎች፣ ወደ ፊት ተኩስ አለ፣ ማንም አያልፍም ብለው አቆሙን። ለመንኳቸው። መሬት ላይ ተደፍቼ ጫማቸውን ያዝኩ። ዘሀቢያ በአረብኛም በአማርኛም ረገመቻቸው። እነሱም እኮ ልጆች ናቸው፤ አንደኛው ዓይኑን ከምንይችል ላይ መንቀል አቅቶት ነበር። አላሳለፉንም። ከመንገዱ ዳር ግራር ሥር አወረድነው።

ልጅሽ አልጮኸም። ውሃ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። እማ መጣች ወይ አለኝ። እየመጣች ነው አልኩት። ምን ልበለው? ከዚያ ስለ መነን አንድ ነገር ሊነግረኝ ጀመረ፤ ሳይጨርሰው እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ሕመም የለበትም።

አባታችን ሁመራ ሳለ ምን ብለው እንደላኩብሽ ስንት ጊዜ ነግረሽኛል። ትንሽ አሞታልና ድረሺ አሉሽ። አንቺም የአጥሚት እህል አስፈጭተሽ፣ ዶሮ በቅርጫት ይዘሽ፣ እኔን በጀርባሽ፣ ምንይችልን በሆድሽ ተሸክመሽ ያን ሁሉ አገር ወረድሽ። የደረስሽበትን አንቺ ታውቂዋለሽ። ዶሮዋን ማን እንደበላት እንኳ ዛሬም ድረስ አልነገርሽኝም። ያን መንገድ ሁለተኛ አላስኬድሽም። ስለዚህ ታሟል ብዬ አልጽፍልሽም። ምንይችል አልታመመም።

አትምጪ፤ መንገዱ ክፉ ነው። እኔ መንገድ ሲገኝ እመጣለሁ። እነመነን ቤት አጎቴ ፈንቴ ይሂድ፤ ሽማግሌም ይዞ ይሂድ። ልጅቷን ጠብቂ አትበሏት። ገና ወጣት ናት፣ በእኛ ምክንያት አትታሰር። ማሽኑ እደጄ ላይ ቆሟል። አብዱረሕማን ቆራርጦ ሊጥለው መጥቶ ነበር፤ አትንካው ብዬ ጮኽኩበት። ለምን እንደጮኽኩበት እኔም አላውቅም። ዝንብ ወርሮታል። ዘሀቢያ በየቀኑ ምግብ ይዛልኝ ትመጣለች፣ ካልበላሽ አልሄድም ብላ ትቀመጣለች።

እማ፣ ከአንቺ የምለምነው አንድ ነገር ነው። እዚህ ያሉት ቄስ የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። እኔ የማውቀው ምንይችል ብቻ ነው። ክርስትና ሲነሣ እኔ ገና ነፍስ አላወቅሁም፤ አንቺም ሰው እንዳያውቅበት ብለሽ ስሙን ለእኛም ደብቀሽ ኖረሻል። አሁን ንገሪኝ። በራስሽ እጅ ጻፊው፣ እጅሽ እምቢ ካለሽም ለአጎቴ ንገሪውና ይጻፈው። አለምሰገድ ለሥራ ተመልሶ ስለሚወርድ በእሱ ላኪልኝ። እስኪደርስ ቄሱ ስም ሳይጠሩ፣ ይህን ባሪያህን ብቻ እያሉ ነው የሚጸልዩት። ዘንድሮ ደግሞ በዚህ አገር እንደዚያ የሚባልለት ሰው በዝቷል፤ እግዜር ከሌላ ሰው ልጅ ጋር እንዳያምታታብን ፈራሁ።

የጌታ እናት ጉልበትሽን ታጽናው፣ ልብሽን በእጇ ትያዘው። ይህን ጨርሰሽ ቀና ስትይ አጠገብሽ ሰው አታሳጣሽ። ዛሬ ብቻሽን አትደሪ።

ልጅሽ