የጠፋችው ቆርኪ

ጃለታ ወንድሜ፣

ካርዱ ላይ የምታየው ባሕር የጣልያኗ ትሪየስቴ ነው። እኛ ግን የትምህርት አዳራሽ ተቀምጠን ውሃን የምናጠናው ካሬ በተሰመረበት ወረቀት ላይ ነው። እያንዳንዱ ካሬ አንድ የውሃ ቅንጣት ይይዛል። ቅንጣቶቹ ትንሽ ሲጠጋጉ ይበልጥ ይፈጥናሉ፤ ከመጠን በላይ ሲጨናነቁ ግን ሁሉም ባሉበት ቀጥ ይላሉ። ዛሬ ይህን በቆርኪ እንዳሳይ ተጠየቅኩና እጄ ለምዶ በሰያፍ ወሰድኳት። ፕሮፌሰሯ ስቀው፣ "ውሃ በሰያፍ አይሄድም" አሉኝ።

ቡራዩ፣ ኦቦ ቦጂያ ጋራዥ ደጅ በቆርኪ የምንጫወተው ዳማ ትዝ አለኝ። እዚህ "በላሁህ" ብሎ የሚጮህብኝ የለም።

ኦቦ ቦጂያን አካም ጂርቱ በልልኝ። ቦታው ሳያልቅብኝ ልናዘዝ፤ ያቺን የጠፋችብንን ቆርኪ አትፈልጋት። አንተ ከሌላ ሰው ጋር እንዳትጫወት ብዬ ስመጣ በኪሴ ይዣታለሁ። ዛሬ ውሃ ሆና የዋለችው እሷ ናት።

ሽመክት