የሰባታሚቱ ዶቅማ

ባሕር ዳር፣ ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ልጄ ሸጊቱ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣

የካርቱም ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እኛ ምስጋና ይግባው፣ አለን። ይህን ወረቀት ነጋዴው ሙሀመድ የሱፍ በእጁ ስለሚያደርስልሽ ሳልፈራ እጽፍልሻለሁ። አንብበሽ አቃጥዪው።

የአባትሽን ጤና ጠይቀሽ ነበር። በጥር ሐኪሙ ደማቸውን አስመርምረው «መሪጌታ፣ ስኳሩም ስቡም በዝቷል» ቢሏቸው ማሩንም ጠጁንም እርግፍ አድርገው ተዉ። መጋቢት ላይ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰባታሚት የሚያርስ ወልደ ሐዋርያት የሚባል ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አግኝቷቸው፣ «የዶቅማ ፍሬ ጨምቀው ሳያጣፍጡ ቢጠጡት ለስኳር ይበጃል» አላቸው። ፍሬውንም ራሱ ያመጣ ጀመር። ግባ ስንለው አይገባም፤ ደጃፍ አስቀምጦ ይሄዳል።

ስኳሩ ወረደ። ሐኪሙ ግን «ፍሬው ረድቶ ይሆናል፤ የበለጠ የረዳዎት ማሩን መተውዎ ነው። ክኒኑን እንዳያቋርጡ» አሉ። አንቺም ነርስ ነሽና ይህንኑ እንደምትይ አውቃለሁ።

ያስፈራኝ ሌላ ነው። የዶቅማውን ጭማቂ ከጀመሩ ወዲህ ወንድምሽ በሕልማቸው ይመጣ ጀመር። በቀይ ሽብሩ ጊዜ የቀበሌ ጠባቂዎች አምሐን ከቤት ከወሰዱት ወዲህ እኮ ስሙን ጮክ ብለን ጠርተን አናውቅም። አባትሽ ግን ጠዋት ይነሡና «ዛሬም መጣ። አፉ ዶቅማ እንደ በላ ልጅ ጠቁሯል። አይናገርም፤ ያየኛል» ይሉኛል። እኔም ብቻዬን ስጨምቅ ከኋላዬ ሰው የቆመ ይመስለኛል። ዞሬ አላይም።

በፋሲካ ማግስት ወልደ ሐዋርያት ሲመጣ አባትሽ በትራቸውን አነሡ።

«ሐኪሙ በእግርህ ሂድ ብሎኛል። ዛፉን አሳየኝ፣ ጥላው ሥር ዳዊት ልድገም።»

የሰውዬው ፊት ዐመድ መሰለ። «ይቅርብዎ አባ። ሩቅ ነው።»

«ሩቅ ከሆነ አንተ በየሳምንቱ እንዴት ትመጣለህ?»

እኔም ተከተልኋቸው። ዛፉ ከእርሻው ዳር ብቻውን ቆሟል፤ ሥሩ ድንጋይ ተከምሯል። አባትሽ ድንጋዩን በበትራቸው ነካ አድርገው «እዚህ ማን ተኝቷል?» አሉት።

ሰውዬው ተንበረከከ። «አምሐ ነው፣ አባ። ያን ጊዜ ጠባቂ ነበርሁ። አልተኮስሁም፤ ቆፍረህ ቅበር ብለውኝ የቀበርሁት ግን እኔ ነኝ። እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ። ልነግርዎ እየመጣሁ፣ አፌ እምቢ እያለኝ ፍሬውን አስቀምጬ እመለሳለሁ።»

አባትሽ አልጮኹም። መሬት ላይ ተቀምጠው እንደ መሪጌታ ሳይሆን እንደ አባት፣ ዜማው እየጠፋባቸው፣ ፍትሐት አደረሱለት። እኔ ማልቀስ አቃተኝ። የድንጋዩ ክምር ትንሽ ነው፣ ሸጊቱ። ወንድምሽ ያን ያህል ረዥም ሆኖ!

ከዚያ ቀን ወዲህ አባትሽ ዶቅማ አይቀምሱም። ክኒናቸውን ግን ይውጣሉ፣ አታስቢ። አምሐም በሕልማቸው መምጣቱን ትቷል። እሳቸው ግን አልተደሰቱም፤ በጊዜ ይተኙና ሲነጋ «አልመጣም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ትናንት ብቻዬን ወደ ሰባታሚት ወጣሁ። ፍሬው በስሎ ይረግፋል፤ ወፎች ይለቅሙታል። ወፎቹን ላባርር ድንጋይ አነሣሁና መልሼ ተውሁት። ከዚያ አንዱን ፍሬ ከመሬት አንሥቼ በላሁት።

ጣፋጭ ነበር፣ ልጄ። ይህን ላባትሽ አልነገርሁም።

አንቺ አትምጪ። ሰው ሲጠይቅሽ ወንድም አለኝ በዪ፣ ያለበትንም አውቃለሁ በዪ። የጣና ገዳማት ጸሎት ይከተልሽ፤ በወጣሽበት መንገድ ያወጣሽ አምላክ ሲፈቅድ በሰላም ይመልስሽ።

እናትሽ
እናትዓለም